ቀያዮቹ ባቡሮች፦ የፓስፊክ ኤሌክትሪክ ኩባንያ አመሠራረት፣ አሠራርና አከሳሰም

በሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ያለውን «ሊትል ኢትዮጵያ» የሚያውቅ አንባቢ፣ በሰፈሩ አቅራቢያ አካባቢውን በሰያፍ አቋርጦ የሚያልፈውን የሳን ቪሴንቴ አውራ ጎዳናም ያውቀው ይሆናል። በጎዳናው መሐል ሣር የለበሰ ሰፊ ማካፈያ አለ። መሬት እንደ ወርቅ በሚወደድበት ከተማ ይህን የሚያህል ቦታ ለውበት ተብሎ ብቻ አልተተወም። ወደ ቤቨርሊ ሂልስ የሚወስደው የኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲድ በአንድ ወቅት የተዘረጋው በዚያ ላይ ነበር። የሐዲዱ ባለቤት ፓስፊክ ኤሌክትሪክ የተባለ ኩባንያ ሲሆን፣ ባቡሮቹን ሕዝቡ በቀለማቸው «ቀያዮቹ» ይላቸው ነበር።

ይህ ጽሑፍ ኩባንያው ለምን እንደተቋቋመ፣ እንዴት እንዳደገ፣ በምን አደረጃጀት እንደሠራ፣ ለምን እንደከሰመና ዛሬ ቦታውን ማን እንደያዘ ይተርካል። ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። ታሪኩን ለመረዳት አንድ ነገር ከመነሻው መያዝ ያሻል፦ ኩባንያው ሥራው ሰው ማጓጓዝ ቢሆንም፣ ባለሀብቶቹ ያቋቋሙት በዋናነት መሬት ለመሸጥ ነበር። ዕድገቱም ውድቀቱም ከዚህ ይመነጫል።

1. የመመሥረቻው ምክንያት፦ መሬት ሞልቷል፣ መድረሻ የለም

በ1900 የሎስ አንጀለስ ሕዝብ ብዛት 102 ሺህ ያህል ነበር። ከተማዋ በስተ ሰሜን ተራራ፣ በስተ ምዕራብና በስተ ደቡብ ውቅያኖስ ባለበት ሰፊ ሜዳ ላይ የተቆረቆረች ናት። ከመሐል ከተማ እስከ ሳንታ ሞኒካ የባሕር ዳርቻ 25 ኪሎ ሜትር፣ እስከ ሎንግ ቢች ደግሞ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። በመካከሉ ያለው የብርቱካን እርሻ፣ የግጦሽ መሬትና ባዶ ሜዳ ነበር።

መሬቱ ርካሽ ነበር፤ ርካሽ የሆነውም ሩቅ ስለነበረ ነው። በፈረስ ጋሪ ሲሄዱ ቀኑ መንገድ ላይ ያልቃል። በእንፋሎት የሚሠራው ባቡር በቀን የሚመላለሰው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ጣቢያዎቹም የተራራቁ ናቸው። ጠዋት ከተማ ገብቶ ሠርቶ ማታ ቤቱ መመለስ ለሚፈልግ ሰው የሚሆን አልነበረም። ስለዚህ ከከተማው ውጭ መሬት የያዘ ሰው ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ዓይነት ሆኖበት ነበር።

መፍትሔውን ኤሌክትሪክ ይዞ መጣ። በ1888 በቨርጂኒያ ግዛት በሪችመንድ ከተማ፣ ፍራንክ ስፕራግ የተባለ መሐንዲስ ከላይ ከተዘረጋ ሽቦ ኃይል የሚወስዱ ትራሞችን በሰፊው ማሠራት እንደሚቻል አሳየ። ሥርዓቱ ወዲያው በመላው አሜሪካ ተዛመተ። የኤሌክትሪክ ባቡር ቶሎ ይነሣል፣ ቶሎ ይቆማል፤ ጭስ የለውም፤ አንድ ፉርጎ ብቻውን ስለሚንቀሳቀስም ደጋግሞ ማመላለስ አይከብድም። ከዚህም አዲስ የተቋም ዓይነት ተወለደ። በከተማው ውስጥ እንደ ትራም በመንገድ ላይ እየሄደ፣ ከከተማው ሲወጣ ደግሞ በራሱ መሬት ላይ እንደ ባቡር የሚከንፍ፣ ከተማን ከከተማ የሚያገናኝ የክፍለ ሀገር ትራም ኩባንያ ማለት ነው። በ1910ዎቹ አጋማሽ የእንዲህ ዓይነት ኩባንያዎች መስመር በአሜሪካ ከ24 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ደርሶ ነበር።

በሎስ አንጀለስ አካባቢ የመጀመሪያው እንዲህ ያለ መስመር በ1895 ፓሳዴና ደረሰ፤ በ1896 ደግሞ ሌላ መስመር ሳንታ ሞኒካ ገባ። ጀማሪዎቹ ኩባንያዎች አቅማቸው ትንሽ፣ ዕዳቸው ከባድ ነበር። ሥራውን በትልቅ ካፒታል የሚይዘው ተቋም ቆይቶ መጣ።

2. ምሥረታ፦ ሦስቱ ክንዶች (ከ1901 እስከ 1910)

ፓስፊክ ኤሌክትሪክ በኖቬምበር 1901 በሄንሪ ሀንቲንግተንና በባንክ ባለቤቱ በአይዛያስ ሄልማን መሪነት ተመሠረተ። ባለሀብቶቹ የከተማውን የውስጥ ትራም ድርጅት፣ ሎስ አንጀለስ ሬይልዌይን፣ ቀድመው በ1898 ገዝተው ነበር። የሁለቱ ኩባንያዎች የሥራ ድርሻ የተለየ ነበር። «ቢጫዎቹ» የሚባሉት የከተማው ትራሞች በጠባብ ሐዲድ በከተማው ውስጥ ብቻ ሲያገለግሉ፣ ቀያዮቹ ደግሞ የአገሪቱ ዋና ባቡሮች በሚጠቀሙበት ስፋት ባለው ሐዲድ ወደ ሩቅ ከተሞች ይጓዙ ነበር። የሐዲዱ ስፋት ምርጫ ኋላ ላይ የጭነት ፉርጎዎችን ከዋናዎቹ የባቡር ኩባንያዎች ተቀብሎ ለመሳብ አስችሎታል።

ባለሀብቶቹ ያቆሙት ባቡሩን ብቻ አልነበረም። በጎን የመሬት ኩባንያ መሠረቱ፤ ቀጥሎም ለባቡሩ ኃይል የሚያመነጭ «ፓስፊክ ላይት ኤንድ ፓወር» የተባለ የመብራት ኃይል ኩባንያ በ1902 ተቋቋመ። ባቡር፣ መሬትና መብራት፤ ሦስቱ ክንዶች እርስ በርስ ይደጋገፉ ነበር። የመሬት ኩባንያው ሐዲዱ ወደፊት በሚያልፍበት አካባቢ የእርሻ መሬት በርካሽ ይገዛል። ባቡሩ መስመሩን ይዘረጋል። መሬቱ ተሸንሽኖ ለቤት ሠሪ ይሸጣል። ለገቡት ነዋሪዎች ደግሞ የኃይል ኩባንያው መብራት ይሸጣል።

የመጀመሪያው አዲስ መስመር ጁላይ 4 ቀን 1902 ሎንግ ቢች ገባ። ውጤቱ በሕዝብ ቆጠራ ላይ በግልጽ ይነበባል፦ በ1900 ሎንግ ቢች 2,252 ነዋሪ ነበራት፤ በ1910 ግን 17,809 ደርሳለች። ይህን ያዩ ሌሎች ከተሞች ሐዲዱ ወደ እነሱ እንዲመጣ ይለምኑ፣ መሬትም በነጻ ይሰጡ ጀመር። ቀድሞ «ፓስፊክ ሲቲ» ትባል የነበረችው የባሕር ዳር መንደር ባቡሩ በ1904 ሲደርስላት ስሟን ለውጣ ሀንቲንግተን ቢች ተባለች፤ እስከ ዛሬም መጠሪያዋ ይኸው ነው።

ይህን ሁሉ ሐዲድ በእጃቸው የዘረጉት በአብዛኛው ከሜክሲኮ የመጡ ሠራተኞች ነበሩ። በ1903 ጸደይ፣ የከተማው በዓል በደረሰበት ሰዓት፣ በዋናው ጎዳና ላይ ሐዲድ ሲዘረጉ የነበሩት የደመወዝ ጭማሪ ጠይቀው ሥራ አቆሙ። ኩባንያው ሌሎች ሠራተኞችን ተክቶ ሥራውን ቀጠለ፤ አድማውም ሳይሳካ ቀረ። የተቋሙ የዕድገት ታሪክ ሲጻፍ የእነዚህ ሰዎች ጉልበት ሊዘለል አይገባም።

3. ታላቁ ውህደት (1911)

የኩባንያው መስፋፋት «ሳውዘርን ፓስፊክ» የተባለውን የምዕራብ አሜሪካ ግዙፍ የባቡር ድርጅት አሳሰበው። ድርጅቱ አስቀድሞ አክሲዮን ይዞ ከቆየ በኋላ በ1910 ከሀንቲንግተን ጋር ልውውጥ አደረገ። ሀንቲንግተን የቀያዮቹን ባቡሮች ድርሻውን ለቀቀ፤ በምትኩ የከተማውን ቢጫ ትራሞች ሙሉ በሙሉ ያዘ። በ1911 ሳውዘርን ፓስፊክ በአካባቢው የነበሩ ስምንት የኤሌክትሪክ ባቡር ኩባንያዎችን አዋሕዶ በአንድ ስም፣ በፓስፊክ ኤሌክትሪክ፣ አቆማቸው። የአካባቢው ሰዎች ይህን «ታላቁ ውህደት» ይሉታል።

ከውህደቱ በኋላ የሐዲዱ ጠቅላላ ርዝመት፣ ጥንድ መስመሩና የዴፖው ሐዲድ ተደምሮ፣ ከ1,600 ኪሎ ሜትር በላይ ሆነ። መስመሩ ሎስ አንጀለስን፣ ኦሬንጅን፣ ሳን በርናርዲኖንና ሪቨርሳይድን፣ ማለትም አራት አውራጃዎችን አዳረሰ። በ1914 ከሎስ አንጀለስ እስከ ሳን በርናርዲኖ ድረስ በቀጥታ መሄድ ተቻለ።

ውህደቱ ግን የተቋሙን ባሕርይ ለወጠው። በሀንቲንግተን ዘመን የባቡሩ ኪሳራ ከመሬት ሽያጭ በሚገኘው ትርፍ ይካካስ ነበር። የመሬቱ ኩባንያ ከሀንቲንግተን ጋር ቀረ፤ ሳውዘርን ፓስፊክ የተረከበው ሐዲዱን፣ ፉርጎዎቹንና የማጓጓዝ ግዴታውን ነው። ባቡሩን ያቆሙት ሦስት ክንዶች ያን ቀን ተለያዩ። ኩባንያው ከዚያ በኋላ ለአርባ ዓመታት የታገለው ይህን ክፍተት ለመድፈን ነው ማለት ይቻላል።

4. አደረጃጀትና የዕለት ሥራ

ኩባንያው በአራት ቀጠና ተከፍሎ ይሠራ ነበር። የሰሜን ቀጠና ፓሳዴናንና የተራራውን ግርጌ ከተሞች፣ የደቡብ ቀጠና ሎንግ ቢችን፣ የሳን ፔድሮን ወደብ፣ ሳንታ አናንና ኒውፖርትን፣ የምዕራብ ቀጠና ሆሊውድን፣ ሳንታ ሞኒካንና ቬኒስን፣ የምሥራቅ ቀጠና ደግሞ የሳን በርናርዲኖንና የሪቨርሳይድን የአካባቢ መስመሮች ይይዝ ነበር። ከቀጠናዎቹ ጎን ለመላው ኩባንያ የሚሠሩ ክፍሎች ነበሩ፦ ሐዲድ ጠጋኞች፣ የኃይል ማከፋፈያ ጣቢያዎችን የሚጠብቁ ኤሌክትሪክ ሠራተኞች፣ ጉዞ የሚያስተዋውቁ፣ ፉርጎ የሚጠግኑ። ትልቁ የጥገና ማዕከል በቶራንስ ከተማ ነበር።

ማዕከሉ በሎስ አንጀለስ መሐል፣ በስድስተኛውና በዋናው ጎዳና መገናኛ ላይ በ1905 የተከፈተው የኩባንያው ሕንፃ ነው። ላይኛዎቹ ፎቆች ቢሮዎች፣ ምድር ቤቱ ደግሞ ባቡር የሚገባበት ጣቢያ ነበር። ሕንፃው ዛሬም አለ፤ ሰዎች ይኖሩበታል።

አንድ ጉዞ በቅርብ ብናይ አሠራሩ ይገባናል። ወደ ሎንግ ቢች የሚሄድ መንገደኛ በዚህ ሕንፃ ሥር ይሳፈራል። ባቡሩ ላይ ቢያንስ ሁለት ሠራተኞች አሉ፦ ከፊት ነጂው፣ ከውስጥ ትኬት ቆራጩ። ትኬት ቆራጩ ተሳፋሪው መግባቱን አይቶ ገመዱን ሁለት ጊዜ ሲስብ ደወሉ ሁለቴ ይጮኻል፤ ነጂው የኃይሉን እጀታ ያዞራል፤ በጣሪያው ላይ ያለው ረጅም ዘንግ ከሽቦው ኃይል እየወሰደ ባቡሩ ይነሣል። አንድ ጊዜ ከተደወለ በሚቀጥለው ፌርማታ የሚወርድ አለ ማለት ነው። ባቡሩ በመሐል ከተማው ከጋሪና ከእግረኛ ጋር እየተጋፋ በዝግታ ይሄዳል። ከዚያ የራሱ መሬት ላይ ይገባል። እስከ ዋትስ ድረስ ሐዲዱ አራት ነው፤ በየፌርማታው የሚቆመው ባቡር ፈጣኑን አያግደውም። ከዋትስ በኋላ መስመሮቹ ይለያያሉ፤ የሎንግ ቢቹ በሜዳው ላይ ወደ ደቡብ ይከንፋል። 32 ኪሎ ሜትር ያህሉ ጉዞ በደህናው ዘመን ከአንድ ሰዓት በታች ይጠናቀቅ ነበር።

ዋትስን የሠራት መስመሩ ነው ማለት ይቻላል። የሐዲዶች መገናኛ ስለሆነች ሠራተኛው በአቅራቢያዋ ሰፈረ፤ በ1907 ራሷን የቻለች ከተማ ሆነች፤ በ1926 ከሎስ አንጀለስ ጋር ተጠቃለለች። በ1904 የተሠራው የእንጨት ጣቢያዋ በ1965ቱ የዋትስ ሁከት በዙሪያው ያሉ ሕንፃዎች ሲቃጠሉ ሳይነካ ተርፏል።

ኩባንያው ለመዝናኛም ይሠራ ነበር። በእሑድና በበዓል ቀን ባዶ እንዳይሄድ ከተሜውን ወደ ባሕር ዳርቻ፣ ወደ ብርቱካን እርሻና ወደ ማውንት ሎው ተራራ የሚወስዱ ጉብኝቶች አዘጋጅቶ ነበር። ከውህደቱ በፊት በምዕራብ በኩል ይሠራ የነበረ ኩባንያ የጀመረው የባሕር ዳርቻ ዙር ጉብኝት ዋጋው ለሙሉ ቀን አንድ ዶላር ነበር። ብዙ ጎብኚ ኋላ የገዛውን ቦታ መጀመሪያ ያየው በእነዚህ ጉዞዎች መስኮት ነው።

5. ገቢና ወጪ፦ ኩባንያው በምን ይኖር ነበር?

የኩባንያው ገቢ ከሁለት ምንጭ ይመጣ ነበር፤ ከመንገደኛና ከጭነት።

የጭነቱ ሥራ ለብዙዎች አይታይም፤ በአብዛኛው የሚሠራው መንገደኛ በማይበዛበት ሰዓት ነበርና። በገጠሩ መስመር ዳር የብርቱካን ማሸጊያ ቤቶች ተደርድረው ነበር። ከዋናው ሐዲድ የተገነጠለች አጭር ሐዲድ እስከ ማሸጊያው መድረክ ድረስ ትገባለች። ሠራተኛው ብርቱካኑን መርጦ በእንጨት ሣጥን ያሽጋል፤ በበረዶ በቀዘቀዘው ፉርጎ ውስጥ ይደረድራል፤ የኩባንያው የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ ፉርጎውን ስቦ ለዋናው ባቡር ያስረክባል፤ ፍሬው ወደ ምሥራቅ አሜሪካ ይጓዛል። ከወደቡ ጣውላ፣ ከጉድጓዶቹ ነዳጅ ዘይት በዚሁ ሐዲድ ይመላለስ ነበር። ይህ ሥራ ትርፋማ ነበር፤ ሳውዘርን ፓስፊክ ኩባንያውን ይዞ የቆየበት ትልቁ ምክንያትም ይኸው ነው።

የመንገደኛው ሥራ ግን ትርፍ ያስገኘባቸው ዓመታት ጥቂት ነበሩ። ለዚህ ሦስት ምክንያቶች አሉ። አንደኛ፣ ከ1911 ጀምሮ የካሊፎርኒያ የባቡር ኮሚሽን ታሪፍ የመወሰን ሥልጣን ስላገኘ፣ ኩባንያው የደመወዝና የዕቃ ዋጋ በጨመረ ቁጥር የመሳፈሪያ ዋጋውን በፈቃዱ መጨመር አይችልም ነበር። ሁለተኛ፣ የሚያከስር መስመር ለመዝጋትም የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልገው ነበር። ሦስተኛ፣ በከተማ መንገድ ላይ ለማለፍ በተሰጠው ፈቃድ መሠረት በሐዲዱ መካከልና በዳሩ ያለውን መንገድ አስፋልት የማልበስ ግዴታ ነበረበት። ያ አስፋልት ደግሞ ለተፎካካሪው፣ ለመኪናው፣ መንገድ ሆነ።

ሕዝቡም ለኩባንያው አላዘነለትም። በሰዎቹ ዐይን ፓስፊክ ኤሌክትሪክ በሕዝብ ጎዳና ላይ የሚነግድ የሀብታም ድርጅት ነበር፤ ባቡሮቹ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ይጨናነቃሉ፣ ይዘገያሉ፤ ታሪፍ ይጨመር ሲባል ተቃውሞ ይነሣል። ተቋሙ የሕዝብ አገልግሎት የመስጠት ግዴታ ነበረበት፤ የሕዝብ ድጋፍና ድጎማ ግን አልነበረውም።

6. የመዳከም ዘመን (ከ1920 እስከ 1945)

ሎስ አንጀለስ በ1920 ወደ 577 ሺህ፣ በ1930 ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበራት። ባቡሮቹ የበተኗት ከተማ ለመኪና ምቹ ሆነች፤ ሰው ተራርቆ ስለሰፈረ ሁሉንም ቤት ከሐዲድ ጋር ማገናኘት አልተቻለም። ኩባንያው ራሱ የፈጠረው አሰፋፈር ደንበኛውን ወሰደበት።

በመሐል ከተማ መኪናና ባቡር በአንድ ጎዳና ተጋፉ። በኤፕሪል 1920 የከተማው ምክር ቤት ትራሞቹ እንዲያልፉ ብሎ በመሐል ከተማ ቀን ቀን መኪና ማቆም ከለከለ። ነጋዴዎች ገበያችን ቀዘቀዘ ብለው ጮኹ፤ ክልከላው ወር ሳይሞላው ላላ። ከዚያ በኋላ ከተማው ለባቡር ቅድሚያ መስጠቱን ተወ።

ኩባንያው ከመንገዱ ለመውጣት ሞከረ። በ1925 በምዕራብ በኩል 1.6 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ዋሻ ቆፍሮ የሆሊውድና የግሌንዴል ባቡሮችን ከመሬት በታች ወደ መሐል ከተማ አስገባ። በምሥራቅ በኩል ደግሞ ከሌሎች የባቡር ኩባንያዎች ጋር ሆኖ በድልድይ ላይ ከፍ ብሎ የሚሄድ ሐዲድ ለመሥራት ዕቅድ አቀረበ። ጉዳዩ በኤፕሪል 1926 ለሕዝብ ድምፅ ቀረበ። «ሎስ አንጀለስ ታይምስ» ጋዜጣ ከፍ ያለውን ሐዲድ አጥብቆ ተቃወመ፤ ሕዝቡም የጋራ የባቡር ጣቢያ እንዲሠራ መርጦ የድልድዩን ሐዲድ ጣለው። የተመረጠው ጣቢያ፣ ዩኒየን ስቴሽን፣ በ1939 ተከፈተ። ቀያዮቹ ባቡሮች ግን ከመኪናው ጋር በአንድ መንገድ እየተጋፉ ቀሩ። በእኔ እምነት የኩባንያው ዕጣ የተወሰነው በዚያ ድምፅ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የጊዜ ጉዳይ ነበር።

በ1930ዎቹ መጨረሻና በ1940ዎቹ መግቢያ ኩባንያው መንገደኛ የሚያንስባቸውን መስመሮች ዘግቶ በአውቶቡስ ተካ። ዊቲየር በ1938፣ ሬዶንዶ በ1940፣ ሳን በርናርዲኖ በ1941 የመንገደኛ ባቡር ተቋረጠባቸው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ውድቀቱን አዘገየው። ቤንዚንና ጎማ በራሽን ሲሰጥ፣ የመርከብና የአውሮፕላን ፋብሪካዎች ሠራተኛ ሲሞሉ ሰው ሁሉ ወደ ባቡር ተመለሰ። ወንዶቹ ስለዘመቱ ሴቶች ትኬት ቆራጭ ሆነው ገቡ። በጦርነቱ ማብቂያ አካባቢ ኩባንያው በዓመት ከ100 ሚሊዮን በላይ መንገደኛ ያጓጉዝ ነበር። ያረጁት ፉርጎዎች ግን በዚህ ጫና ይበልጥ ተጎዱ፤ የተገኘውም ገንዘብ አዲስ ለመግዛት አልዋለም።

7. ሽያጭና መዘጋት (ከ1945 እስከ 1965)

ከጦርነቱ በኋላ መንግሥት ትልቅ ገንዘብ ለፍጥነት መንገዶች መደበ። የፓሳዴናው አውራ መንገድ በ1940 ተከፍቶ ነበር። በካውዌንጋ ሸለቆ በተሠራው የፍጥነት መንገድ መሐል ቀያዮቹ ባቡሮች ከመኪናው ጎን ለጎን ይሄዱ ነበር፤ መኪናና ባቡር በአንድ ዕቅድ አብረው መኖር እንደሚችሉ ያ መስመር አሳይቷል። ግን በ1952 ተዘጋ፤ ቦታውም ለመኪና ዋለ። የቬኒስ መስመር በ1950፣ የፓሳዴና መስመሮች በ1950 እና በ1951 ቀድመው ተዘግተው ነበር።

በ1953 ፓስፊክ ኤሌክትሪክ የመንገደኛውን ሥራ ጠቅልሎ «ሜትሮፖሊታን ኮች ላይንስ» ለተባለ የአውቶቡስ ኩባንያ ሸጠ፤ ትርፋማውን የጭነት ሥራ ለራሱ አስቀረ። ገዢው የቀሩትን ባቡሮች በአውቶቡስ መተካት ፈለገ፤ የሆሊውዱ ዋሻ በ1955 ተዘጋ። በ1958 የመንግሥት ተቋም የሆነው የሎስ አንጀለስ ሜትሮፖሊታን ትራንዚት ባለሥልጣን ሥራውን ተረከበ። እሱም ባቡሮቹን አላዳናቸውም። የመጀመሪያው መስመር የመጨረሻም ሆነ፦ የሎንግ ቢች ባቡር በኤፕሪል 1961 ቆመ። በ1965 ፓስፊክ ኤሌክትሪክ ራሱ ወደ ሳውዘርን ፓስፊክ ተዋሕዶ ስሙ ከመዝገብ ወጣ።

እዚህ ላይ በሰፊው የሚወራ ነገር አለ፤ ቀያዮቹን ባቡሮች ጄኔራል ሞተርስ ገዝቶ ገደላቸው ይባላል። እውነቱን መለየት ይገባል። ጄኔራል ሞተርስና የጎማና የነዳጅ ኩባንያዎች ገንዘብ የሰጡት «ናሽናል ሲቲ ላይንስ» በ1945 የገዛው ቢጫዎቹን የከተማ ትራሞች ነው፤ ፓስፊክ ኤሌክትሪክን አልገዛም። በ1949 ቺካጎ የሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት እነዚህን ኩባንያዎች የአውቶቡስና የዕቃ አቅርቦት ገበያን ለመቆጣጠር በማሤር ጥፋተኛ ብሏቸዋል፤ የትራንስፖርት ኩባንያዎቹን ራሳቸውን በሞኖፖል ለመያዝ አሢረዋል በሚለው ክስ ግን ነጻ ወጥተዋል። ሤራው የለም አይባልም። ቀያዮቹን ግን ያከሰማቸው የውጭ ጠላት ብቻ አልነበረም፤ የሚደጉማቸው አካል መጥፋቱም ነው።

8. ዛሬ፦ ሐዲዱ ተመለሰ፣ ባለቤቱ ተለወጠ

መስመሮቹ ከተዘጉ በኋላ ጥያቄው እንደገና ተነሣ፤ በዚህ ጊዜ ግን ጥያቄው ማን ይክፈል የሚል ነበር። በ1980 የሎስ አንጀለስ አውራጃ መራጮች «ፕሮፖዚሽን ኤ» የተባለ፣ ለሕዝብ ትራንስፖርት የሚውል የግማሽ ሳንቲም የሽያጭ ታክስ አጸደቁ። በፍርድ ቤት ከተከራከሩበት በኋላ በ1982 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕጋዊ ነው አለ። በ1990፣ በ2008 እና በ2016 ሦስት ተመሳሳይ የግማሽ ሳንቲም ታክሶች ተጨመሩ። ስለዚህ ዛሬ በአውራጃው ታክስ የሚከፈልበት ዕቃ የሚገዛ ሰው ሁሉ፣ የሊትል ኢትዮጵያውን ነጋዴና ደንበኛውን ጨምሮ፣ ከአንድ ዶላር 2 ሳንቲም ለትራንስፖርት ያዋጣል።

ሥራውን የያዘው በ1993 ሁለት የመንግሥት አካላት ተዋሕደው የመሠረቱት ባለሥልጣን ነው፤ በተለምዶ «ሜትሮ» ይባላል። ድምፅ ያላቸው 13 የቦርድ አባላት አሉት፦ አምስቱ የአውራጃው ተመራጮች፣ የሎስ አንጀለስ ከንቲባና ከንቲባው የሚሾማቸው ሦስት ሰዎች፣ አራቱ ደግሞ የሌሎቹ ከተሞች ተወካዮች ናቸው። የባለ አክሲዮን ቦታ በተመራጭ ተይዟል።

የመጀመሪያው አዲስ መስመር በጁላይ 1990 ሲከፈት የሄደው ወደ ሎንግ ቢች ነው፤ አብዛኛው መንገዱም የፓስፊክ ኤሌክትሪክ የቀድሞ መሬት ነው። በዚያው ዓመት የአውራጃው የትራንስፖርት ኮሚሽን ከሳውዘርን ፓስፊክ ሌሎች የሐዲድ መሬቶችን በመቶ ሚሊዮኖች በሚቆጠር ዶላር ገዛ። ከእነዚህ አንዱ ዛሬ ሳንታ ሞኒካ የሚደርሰው መስመር የተሠራበት ነው፤ በ2012 ካልቨር ሲቲ፣ በ2016 ሳንታ ሞኒካ ገብቷል። በ2023 ከሎንግ ቢች ተነሥቶ መሐል ከተማውን በዋሻ አቋርጦ ሰሜን ምሥራቅ ድረስ በአንድ ባቡር መሄድ ተቻለ። በምሥራቅ በኩል ደግሞ 34 ኪሎ ሜትር ያህል የድሮ ሐዲድ የብስክሌትና የእግረኛ መንገድ ሆኖ አሁንም የኩባንያውን ስም ይዟል።

አዲሱ ተቋም ሁሉን ፈትቷል ማለት አይደለም። የሎንግ ቢች መስመር መኪና መንገድ የሚያቋርጥባቸው ቦታዎች ብዙ ስለሆኑ አደጋ በዝቶበታል፤ በ1926 ያልተፈታው ችግር ይኸው ነበር። ከትኬት የሚገኘው ገንዘብም ከወጪው ትንሹን ድርሻ ብቻ ይሸፍናል። ልዩነቱ የቀረው ወጪ ከየት እንደሚመጣ በሕግ መወሰኑ ነው።

የፓስፊክ ኤሌክትሪክ ታሪክ የሚያስተምረው ይህን ነው፦ ሐዲድ የመሬትን ዋጋ ያንራል፤ የናረው ዋጋ ግን ለሐዲዱ ካልተመለሰ ሐዲዱ አይኖርም። በሎስ አንጀለስ ትርፉን መሬት ሻጮች ወሰዱ፤ ኪሳራው ለኩባንያው ቀረ፤ ባቡሩ ሲጠፋ የተጎዳው መኪና የሌለው ሠራተኛ ነው። አንድ ትውልድ በርካሽ ያገኘውንና በችኮላ ያፈረሰውን ሐዲድ ቀጣዩ ትውልድ ከኪሱ በውድ ዋጋ መልሶ ገዝቶታል። የባቡር መስመር የሚያቅድ ማንኛውም ከተማ ከመጀመሪያው ፉርጎ በፊት ሊወስነው የሚገባ ጉዳይ ይህ ነው፤ መስመሩ ከተመረቀና መሬቱ ከተሸጠ በኋላ ወጪውን ማን ይሸከማል?